የልብስ ሰፊው ታፔላ

አንበሳሜ ገበያ ላይ ባለሆቴሉ ያን ቀንበር ሲገዛ አጠገቡ ቆሜ ስለነበር እፍረቱን እኩል ተካፍያለሁ። ገበሬው ቀንበሩን ለሽያጭ አላመጣውም። አዲስ ሊያስጠርብ ለልክ ይዞት የመጣ፣ ጫፍና ጫፉ ያለቀ፣ መኻሉ የተሰነጠቀ ዕቃ ነበር። ባለሆቴሉ አዳዲሶቹን ቀንበሮች በእግሩ ገፋ ገፋ እያደረገ አለፈና እሱ ላይ ተተከለ።

«ይኼን ሽጥልኝ» አለው።

«ጌታው፣ ይኸ እኮ ተሰንጥቋል» አለ ገበሬው። «የበሬ ማጅራት ያቆስላል። ያውልዎ አዲሱ።»

«መሰንጠቁን ነው የወደድሁት።»

«ምን ሊያርሱበት?»

«አላርስበትም። ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው።»

ገበሬው ወደ እኔ ዞረ። በሽተኛ አጠገብ እንደሚናገር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኅቴ፣ ሰውዬው ዘመድሽ ናቸው?» አለኝ።

«አሠሪዬ ናቸው» አልሁት።

«እንግዲያ እግዜር ያጥናሽ» አለና ቀንበሩን አስረከበን።

ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ትንሽ ገንዘብ የቋጠረ ሁሉ ሆቴል የሚያቆምበት ሰሞን ነበር። እኔ ደግሞ የቤት ውስጥ ማስዋብ እሠራ ነበር። ሥራው ስሙን አያህልም፤ ባለቤቱ የመረጠውን መጋረጃ እያዩ «እንዴት ያምራል» ማለት ነው። ይኼኛው ባለቤት ሲሚንቶና ብረታ ብረት ነግዶ የከበረ፣ ዕድሜው ኀምሳን ያለፈ፣ ሲናገር የሰው ክንድ የሚይዝ ሰው ነው። አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ምግብ ቤት ጣሪያው ላይ ወንፊትና እንቅብ ተንጠልጥሎ አይቷል፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። የሆቴሉን ምድር ቤት አዳራሽ «የአባቶቻችን ቤት» ሊለው ወስኗል። አባቶቹ ግን ቀንበር ግድግዳ ላይ ሰቅለው እንደማያውቁ ማንም አልነገረውም፤ እኔም አልነገርሁትም፤ ሥራ ፈልጌ ነበር።

እኔን የመረጠኝ «አሮጌ ነገር ትወዳለች» ተብዬ ስለምታማ ነው። ሐሜቱ እውነት ነው። በዕረፍት ቀኔ ሚኒባስ ይዤ ወደየገጠር ከተማው እሄድ ነበር። የነሐስ ጉብ ጉብ ያለው የብረት አልጋ፣ አበባ የተሣለበት የቆርቆሮ ስኳር ማስቀመጫ፣ እግሩ እንደ ሚዳቋ የቀጠነ የቡና ቤት ወንበር ካየሁ ሰው ቤት ዘው ብዬ እገባለሁ። ልብሴም ከሳልቫጅ ክምር ውስጥ እየቆፈርሁ ያወጣሁት የእናቶቻችን ዘመን ልብስ ነው። በዚያ ሁሉ አገር ዓይን ያለኝ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወርቃማ ሶፋ የሚገዛውን እንቃለሁ፤ የፕላስቲክ አበባ የሚያስቀምጠውን እንቃለሁ፤ የፕላስቲክ አበባውን አንስቶ ቀንበር የሚሰቅለውን ከሁሉም አብልጬ እንቃለሁ። ለመናቅ የሚያንሰኝ ሰው አልነበረም።

ከአንበሳሜ ወደ ደብረ ታቦር ስንወጣ ቀንበሩ ከኋላ ወንበር ተነስቶ በትከሻዬ ላይ ተጋድሞ ነበር። ባለሆቴሉ እየነዳ ስለ ቅርስ ያወራል። መጀመሪያ ጋፋት እንሂድ አለ። ጋፋት ያ ንጉሥ መድፉን ያሠራበት ቦታ ነው፤ ዛሬ እርሻና የእግር መንገድ ነው። ባለሆቴሉ የሚፈልገው ከመድፉ የተረፈ ብረት ነው። መኪናችን ገና ሳትቆም፣ አንድ ጎልማሳ የሰውዬውን ፍላጎት ከጫማው ያነበበ ይመስል፣ «የንጉሡ ብረት ነው የሚፈልጉት?» አለና ከአጥሩ ሥር አንድ ዝገት የበላው፣ ጎበጥ ያለ ረጅም ብረት መዝዞ አመጣ።

አየሁት። በሁለቱም ጫፍ ተጠምዝዟል፤ መኻሉ ላይ ቀዳዳ አለው። የጭነት መኪና ባሌስትራ ነው። ንጉሡ የጭነት መኪና ነበራቸው ካልተባለ በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም። ባለሆቴሉ ዕድሜ ልኩን ብረት የነገደ ሰው ነው! እሱ ግን በሁለት እጁ ተቀበለው፤ ሊሳለመውም ቃጣው።

«ይሰማሻል?» አለኝ። «ክብደቱ ታሪክ አለው።»

«ይሰማኛል» አልሁ። ሻጩ ዓይኔን ዓይኔን ያየኛል፤ እንዳላጋልጠው ለመነኝ። አላጋለጥሁትም። እንዲያውም በዚያ ቀን ካየሁት ሁሉ ዕቃውን በትክክል የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው ብዬ አከበርሁት።

ደብረ ታቦር የተወለድሁባት ከተማ ናት። ለትምህርት ከወጣሁ በኋላ ለለቅሶና ለሠርግ ካልሆነ አልመለስባትም ነበር። ዋናው መንገድ ዳር የቆሙት አዳዲስ ፎቆች ፊታቸው ሰማያዊ መስታወት፣ ጎናቸው የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ነው። ሰው ገላውን የሚታጠበው ውጭ መንገድ ላይ ይመስል። ባለሆቴሉ አንዱን ፎቅ ሽቅብ እያየ «ከተማሽ አደገች» አለኝ። ጎማው ተንፍሶ ኖሮ እሱን ሊያስሞላ ሄደ። እኔ በእግሬ ወደ ውስጥ መንደር ገባሁ። ኮቴን መኪና ውስጥ የቀንበሩ ስንጥር ይዞት፣ ገበሩ ከብብቴ እስከ ወገቤ ተተርትሮ ነበር፤ ልብስ ሰፊ መፈለግ ነበረብኝ።

ያገኘሁት ሱቅ በር ላይ በውስጡ መብራት የሚበራ የፕላስቲክ ታፔላ ተሰቅሏል። ታፔላው ላይ ጥርሱን የሚያሳይ የባዕድ አገር ጎረምሳ ፎቶግራፍ አለ። በጠራራ ፀሐይ አብርተውታል። ከውስጥ በግራ በኩል ወርቅ ቀለም የተቀቡ፣ ራስ የሌላቸው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች ዶቃ የፈሰሰበት የዓረብ አገር ቀሚስ ለብሰው ተደርድረዋል። በቀኝ በኩል አንድ ሰፊ የእንጨት ጠረጴዛ፣ አንድ ጥቁር የስፌት መኪና፣ አንድ ሽማግሌ። ያ የቀኙ ወገን እንዳለ ተነቅሎ ይሂድልኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ጠረጴዛው ከስንት ዘመን ካውያ የተነሳ ጥርብ ድንጋይ መስሎ ለስልሷል።

«አባባ፣ የኮቴ ገበር ተተርትሮብኝ» አልሁ።

ሽማግሌው ኮቱን ገልብጠው አዩት፤ ትከሻውን ቆነጠጡት። «ከማን የወረስሽው ነው?»

«ገዝቼው ነው።»

«ገዝተሽ? ሰው ሞቶበት ነው እንጂ እንዲህ ያለ ልብስ በምን ይለበሳል» አሉና ቁጭ ብለው ይሰፉልኝ ጀመር። ልጃቸው ከጓዳ ወጥታ ከት ብላ ሳቀች። ሴትየዋ በሠላሳዎቹ መኻል ያለች፣ ዘጠኝ ዓመት ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ናት። የሱቁን ግራ ወገን የያዘችው እሷ ናት። በተከፈተው የጓዳ በር ወርቃማ ዘርፍ የተንዘረፈፈበት ትልቅ ሶፋ ይታየኛል፤ ፕላስቲኩ ገና አልተገፈፈም። ሴትየዋን ወዲያው ፈረድሁባት። የአባቷን ዘመን ገፍታ በቦታው ቆሻሻ የሞላች፣ ዓይነ ስውር ሀብታም ናት ብዬ።

እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የዶሮ ቤት አለ። ጣሪያው የላሜራ ብረት ነው፤ ላሜራው ላይ ሥዕል አለ።

አጎንብሼ በእጄ ጠራረግሁት። የልብስ ሰፊው የድሮ ታፔላ ነበር። ሁለት ሰዎች ተሥለውበታል። በቀኝ ያለው ሱፍ ልብስ የለበሰ፣ እግሩ የሰፋ ሱሪ ያደረገ ሰው ነው፤ ፊት ለፊት ቆሞ በሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ ያያል። በግራ ያለው የተንዘላዘለ ልብስ የለበሰ፣ በጎኑ የዞረ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታይ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ነገሩን ወዲያው ያውቀዋል። ሠዓሊው የቅዱሳን ሥዕል ሠሪ ነበር፤ ጻድቅን በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእን በአንድ ዓይኑ እንደሚሥል ሁሉ፣ እዚህ ቤት ያሰፋውን ሰው ከጻድቃን፣ ሌላ ቤት ያሰፋውን ከኃጥኣን ደምሮታል! ከሥሩ «ዘመናዊ ልብስ ስፌት» የሚል ጽሑፍ አለ፤ እንደ ብራና መጽሐፍ የመጀመሪያው ቃል በቀይ፣ የቀረው በጥቁር። ስንት ዓመት ስዞር እንዲህ ያለ ነገር አላገኘሁም።

«ምን አገኘሽ?» አለች ልጅቱ ከኋላዬ።

«ይኼን... ይኼን ዶሮ ላይ ጣላችሁት?»

«ዶሮ ላይ አይደለም፤ ለዶሮ ነው ያደረግነው። ዝናብ አያስገባም» አለች። «ትወስጂዋለሽ? ለዶሮዎቹ ቆርቆሮ አምጪና ውሰጂው። አባዬን ግን ጠይቂያቸው።»

ወደ ሱቁ ተመልሼ ሽማግሌው ፊት ቆምሁ። እንዴት እንደምጀምረው ጨንቆኝ፣ «አባባ፣ ያ የድሮ ታፔላዎ...» አልሁ።

መርፌያቸው ቆመ። ቀና ብለው አላዩኝም።

«ውሰጂው» አሉ። «ከዓይኔ አርቂልኝ።»

እኔ ደግሞ ይኼን የሰማሁት በራሴ ጆሮ ነው። የተገፋ ባለሙያ ሐዘን፣ የወደቀ ክብር፣ ልጅ የረሳችው አባት፣ ይኼን ሁሉ በሁለት ቃል ውስጥ ሰማሁ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። «አባባ፣ እምልልዎታለሁ፣ በክብር ነው የሚሰቀለው። የምሠራለት ሆቴል ሲመረቅ መጥተው ያዩታል፤ እኔ ራሴ ነኝ የምጠራዎ» አልኋቸው። ሽማግሌው አሁን ቀና አሉና ግራ በተጋባ ዓይን አዩኝ። ያንንም እንደ ልቅሶ ተረጎምሁት።

ባሕር ዳር ስንመለስ ታፔላውን ለብቻዬ ይዤ አንድ ሳምንት በጥጥና በሳሙና ውኃ አጠብሁት። የዶሮ ኩሱ ሲለቅ ቀለሙ ከሥር ብቅ አለ። የሱፍ ልብሱ ውኃ ሰማያዊ ነው። ባለሆቴሉ ገና ሲያየው በአንድ ዓይኑ ሰው ላይ ጣቱን ቀሰረ።

«ይኼ ቀማኛ ምን ያደርጋል? ምግብ ያስጠላል። በመጋዝ ቁረጡትና መልካሙን ሰው ብቻ ስቀሉ።»

«ከተቆረጠ እኔ የለሁበትም» አልሁ።

«አንቺ ደግሞ! ሥዕል ነው እኮ።»

«እንግዲያ የጋፋቱንም ብረት ለሁለት እንቁረጠው፤ ረዝሟል።»

በዚህ ደነገጠና ተወኝ። ታፔላው ሙሉውን ተሰቀለ። በአንድ በኩሉ የተሰነጠቀው ቀንበር፣ በሌላ በኩሉ ባሌስትራው፣ ባሌስትራው ሥር ደግሞ «ከመድፉ የተረፈ» የሚል ጽሑፍ። እኔም አላረፍሁም። ታፔላው ሥር በወፍራም ወረቀት ላይ በሚያምር እጅ ጽሑፍ፣ «በዘመኑ የነበረውን እንከን የለሽ የኮት አሰፋፍ የሚያሳይ» ብዬ ጻፍሁ። ይኼን ቃል ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

የምረቃው ቀን ቄሱ ጸበል ረጩ፤ እንግዳው ተሞላ። አስተናጋጆቹ ባለሆቴሉ ከአንድ ነጋዴ በጅምላ ያመጣውን «የባህል ልብስ» ለብሰዋል። ጥለቱ ያልተሸመነ፣ በቀለም የታተመ ነበር፤ ጨርቁ ደግሞ ሲሄዱ የሚንኮሻኮሽ ናይለን። ልጆቹ ላብ በላብ ሆነዋል።

ሽማግሌው ከልጃቸው ጋር በሚኒባስ መጡ። በሩ ላይ ሳያቸው አላወቅኋቸውም ነበር። በራሳቸው እጅ የሰፉትን ከሰል የመሰለ ሱፍ ለብሰዋል። ትከሻው ከሰውነታቸው የበቀለ ይመስላል፤ ደረቱ ላይ የሚታጠፈው ኮሌታ ያለ ካውያ ብዛት ለብቻው ተንከባሎ ተኝቷል። አዳራሹ ውስጥ ከተሰቀለው ሁሉ፣ ከተለበሰውም ሁሉ መኻል፣ አንድ እውነተኛ ነገር ገባ። እጃቸውን ይዤ ታፔላው ዘንድ ወሰድኋቸው። ባለሆቴሉም እንግዶቹን አስከትሎ መጣ፤ ባለ ታሪኩን ሰውዬ ሊያሳይ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውጥተው ጽሑፌን ጮክ ብለው አነበቡት። «እንከን... የለሽ... የኮት... አሰፋፍ።» ከዚያ መነጽሩን አወለቁ።

«ማነው ይኼን የጻፈ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ቁልፉን አይተሽዋል?»

«የትኛውን ቁልፍ?»

«የሰውዬውን! የኮቱን! በየት በኩል ነው የተቆለፈው?»

አየሁ። አልገባኝም። አንድ እንግዳ ከኋላ የራሱን ኮት አጎንብሶ አየና ሳቁ አመለጠው።

«በሴት በኩል ነው የተቆለፈው!» አሉ ሽማግሌው። «የወንድ ኮት ግራው በቀኙ ላይ ይደረባል። ይኼ ሰውዬ የሚስቱን ኮት ነው የለበሰው። ሠዓሊው ቅዱስ ጊዮርጊስን ይሥል እንጂ ኮት በዓይኑ አላየም። እኔ ጎንደር ተልኬ ሙያ ተምሬ፣ ሱቅ ከፍቼ፣ ሰው ሁሉ ያየኝ በዚህ ነው! 'ባለ ሴት ኮቱ' ተባልሁ። ሠርገኛ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ 'ለኔም በሚስቴ በኩል ቆልፍልኝ' ይለኛል። ሠዓሊው ደብር ሊሥል ሄዶ እዚያው ቀረ፤ የሚያርመው ሰው አጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያን ሥር እየገባሁ እየወጣሁ ኖርሁ። ከዶሮ ጋር ሳኖረው ነው ያረፍሁት። አንቺ ደግሞ አጥበሽ፣ መብራት አብርተሽ ሰቀልሽው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባለሆቴሉ ሳይቀር ክንዴን ይዞ ይስቃል። እኔ መሬቱን እያየሁ ቆምሁ። የተማርሁት እኮ ይኼንኑ ነው፤ ማየትን! ስንት ቀን በጥጥ ስጠርገው እነዚያን ሦስት ቁልፎች አንድ በአንድ አጥቤአቸዋለሁ።

ልጅቱ ጠጋ አለችኝ። እንደምትስቅብኝ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀችም። «ዓረብ አገር በሄድሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ምን ልላክልዎ ብላቸው ታፔላ ነው ያሉኝ» አለች። «ጋቢ አላሉ፣ ቴሌቪዥን አላሉ። ማንም እጅ ያልገባበት፣ በፎቶግራፍ የተነሳ፣ የሚበራ ታፔላ። ጠዋት ከቤታቸው ሲወጡ አብርተውት ነው የሚቀመጡ፤ ያጥፉት ብላቸው አይሰሙኝም።»

ያን የሚበራ ታፔላ ባየሁ ጊዜ በልቤ የተናገርሁትን ለማንም አልተናገርሁም፤ እዚህም አልጽፈውም።

ሽማግሌው ግን ቁጣቸው ገና አልበረደም ነበር። ጠላ ይዞላቸው የመጣውን አስተናጋጅ ክንዱን ያዙና ትከሻውን ቆነጠጡት፤ ጨርቁ ተንኮሻኮሸ። ብብቱን ገለጡ፤ ስፌቱ ተተርትሮ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

«ይኼ ልብስ ነው?»

«የባህል ልብስ ነው፣ አባባ» አለ ባለሆቴሉ እየሳቀ።

«የማን ባህል?»

ባለሆቴሉ ሊያልፈው ፈልጎ፣ «እንግዲያ እርስዎ ይስፉልና! ለስድስቱም ይስፉላቸው» አለ። ቀልድ ነበር። ሽማግሌው ቀልድ ከሥራ የሚለዩ ሰው አይደሉም። ከኪሳቸው ሜትር አወጡ። ምረቃ ላይ፣ ቄሱ ገና በተቀመጡበት፣ ስድስቱን አስተናጋጆች ግድግዳ ሥር አሰልፈው ደረትና ወገብ ይለኩ ጀመር፤ ልጃቸው ትጽፋለች። ባለሆቴሉ ሰው ፊት የተናገረውን ሊያጥፍ አልቻለም።

ከአንድ ወር ከምናምን በኋላ ልብሱ መጣ። ሽማግሌው ራሳቸው ከልጃቸው ጋር ይዘውት መጥተው አንድ በአንድ አለበሷቸው። ጥቁር ቡና የመሰለ ኮት፣ ሰፋ ያለ ኮሌታ፣ ወገቡ ላይ ጠበብ ብሎ ግርጌው ቀለል ያለ። ሁለቱ ሴቶች አስተናጋጆች በእናቶቻችን ዘመን እንደነበረው አጭር ኮት ተሰፍቶላቸዋል። ልጆቹ አቋቋማቸው ተለወጠ። ትናንት እየተጎተቱ ሲሄዱ የነበሩት አንገታቸውን አቅንተው ሳህን ያነሳሉ። አንዷ መስታወት ፊት ቆማ አልለቅ አለች። እኔ ዘንድ የተጠራቀመው ሳልቫጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጨርቅ ሆነብኝ።

ባለሆቴሉ ገብቶ አያቸው፤ ፊቱ ጠቆረ።

«የድሮ ባንክ ቤት ጸሐፊ አስመሰሏቸው እኮ! ባህላዊ አይደለም። አውልቁ።»

«አያምርም?» አልሁት።

«ማማሩን ማን ጠየቀሽ? ሰው እዚህ የሚመጣው አባቶቹን ሊያይ ነው።»

«አባቶቻችን እኮ እኒህ ናቸው» አልሁ ሽማግሌውን እያሳየሁ። «በዚህ እጃቸው ደብረ ታቦርን ሙሉ ያለበሱ። እርስዎ የሰቀሉት ግን ገበሬው የጣለውን ቀንበርና የጭነት መኪና ባሌስትራ ነው።»

ምሳ ሰዓት ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። ጥግ ከተቀመጡት አንዱ፣ ሹፌር ይመስለኛል፣ «እኔም ይኼን ብረት ሳየው አውቄዋለሁ ብያለሁ!» ብሎ ተነሳና ሄዶ ቀዳዳውን በጣቱ ነካው። አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ባለሆቴሉ እንደ በርበሬ ቀላ። ብረት ነጋዴ ነው፤ እንግዲህ አላወቅሁም ቢል አያምርበት፣ አውቄአለሁ ቢልም አያምርበት። ያለው አንድ ቃል ነው፦ «ውጪልኝ።»

ወጣሁ። አልተጸጸትሁም፤ ግን ደግሞ አባትና ልጅን ከልብሱ እስር ጋር አውቶቡስ ተራ ድረስ ስሸኝ ልጅቱ እንደ ጀግና እንድታየኝ ፈልጌ ነበር። አላየችኝም። «ብረቱን ገና ሲገዛ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?» አለችኝ።

ስድስቱ ኮቶች ወደ ደብረ ታቦር ተመለሱ። ልጅቱ በወርቃማዎቹ አሻንጉሊቶች ላይ አለበሰቻቸው። ሳምንት አልቆዩም። አንድ ሙሽራ ለራሱና ለሚዜዎቹ አራቱን ወሰደ፤ ሁለቱን የሴቶቹን አጫጭር ኮቶች የቆሎ ተማሪነቱን ጨርሶ ከተማ የገባ ዲያቆን ለእኅቶቹ ወሰዳቸው። ከዚያ በኋላ ጎረምሳው ሁሉ «እንደዚያኛው» እያለ መምጣት ጀመረ። ሽማግሌው ደስ ይበላቸው አይበላቸው አይታወቅም፤ የመጣውን ሁሉ ትከሻውን እየቆነጠጡ ይሰድባሉ፣ ይለካሉ። ታፔላው ባለሆቴሉ ዘንድ ቀርቷል። ጽሑፌን ቀዶ ጥሎታል፤ እንግዳው ግን ቁልፉን እያሳየ ፎቶግራፍ ይነሳበታል ይባላል። በሆቴሉ ውስጥ ሰው ወዶ የሚያየው ያን ብቻ ነው አሉ። ለሽማግሌው አልነገርናቸውም።

እኔ ሥራ ፈትቼ ሁለት ወር ከተቀመጥሁ በኋላ ልጅቱ ደወለችልኝ። ሱቁን እንዳሰናዳላት ነበር የፈለገችው። ሄድሁ። አሁን በወር አንድ ሁለት ጊዜ እሄዳለሁ። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አዞርሁት፤ የልብስ ማሳያዎቹን ቀለም ልለውጥ ብል በጭራሽ አለች። ስለ ሶፋው አንድ ቀን አንድ ነገር ብናገር፣ «ዘጠኝ ዓመት የሰው ሶፋ ስጠርግ ኖሬ፣ አንድ ቀን ሳልቀመጥበት ነው የመጣሁ። ይኼኛው የኔ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስሄድ እዚያው ላይ ነው የምቀመጠው። ፕላስቲኩ በሙቀት ይጣበቃል፤ ይኼን መናገር ግን አልተውሁም።

ባለፈው ሰሞን ለገበር የሚሆን ጨርቅ የያዘ ነጋዴ አለ ተብለን አብረን ይፋግ ወረድን። ገበያው ጥግ አንድ ሰውዬ የነሐስ ጉብ ያለው የብረት አልጋ ራስጌ ዘርግቶ ተቀምጧል፤ እኔ ልቤ ዘለለ። እሷ ከጎኑ ካለው ነጋዴ ፕላስቲክ አበባ ታማርጣለች፤ ሮዝ፣ ቢጫ፣ በዓለም ላይ የሌለ ሰማያዊ።

«ይኼ ወይስ ይኼ?» አለችኝ ሁለቱን አንስታ።

ሁለቱም ያስጠላሉ። ፊቴን አይታ ሳቀች፤ ሰማያዊውን ገዛች። እኔ የገዛሁትን የአልጋ ራስጌ ደግሞ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ለማሰር አንዱን ጫፍ እሷ ያዘች። መንገዱን ሙሉ አበባው ጭኗ ላይ ሆኖ ያፋጥጠኛል፤ እኔም አፈጠጥሁበት።